መካኒኩ ኮሎኔል



የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ስም በአገራችን የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበር፤ ኢትዮጵያ ብቻዋን በቀረችበት ሰዓት ባሕር ተሻግሮ ደረሰላት፤ ቆሰለላት፤ በመጨረሻም አፈሯን ለበሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ውለታውም ተቆጥሮ አያልቅም። እኔ ዛሬ ማንሣት የምፈልገው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈውን ሙያውን ነው። ሰውየው መካኒክ ነበር። ወደ ሰማይ የወጣው በጋራዥ በር ነው። ለኢትዮጵያም ከሁሉ የበለጠ የጠቀማት በመፍቻው ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ሕይወቱን ተከትዬ ላስረዳ።

ያደገባት ጋልፍፖርት በሚሲሲፒ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች። የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲድ ወደ ባሕሩ ሲዘረጋ ነው፤ ከመሀል አገር የተቆረጠው የጥድ ጣውላ በባቡር ይመጣል፣ ወደቡ ላይ በመርከብ ይጫናል፤ ብዙው የከተማዋ ሰው በዚሁ ሥራ ይኖር ነበር። ሮቢንሰን የተወለደው ካራቤል በምትባል የፍሎሪዳ መንደር ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ ወደ ጋልፍፖርት ይዛው መጣች፤ እዚያም በባቡር ኩባንያው ወርክሾፕ የሚሠራ ሰው አገባች። ልጁ ያደገው እንግዲህ በብረትና በቅባት እንጀራውን በሚያገኝ እንጀራ አባት ቤት ነው። ገና ትንሽ ሳለ አንድ አውሮፕላን በከተማዋ ባሕር ዳርቻ ሲያርፍ አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጥቁር ልጅ ከነጭ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል አይማርም፤ በባቡር አብሮ አይቀመጥም። አውሮፕላን አበራለሁ የሚል ጥቁር ልጅ ለገዛ ወገኖቹ እንኳ ሕልመኛ ነበር።

ቤተሰቦቹ ወደ ተስኪጊ ላኩት። ይህን ትምህርት ቤት ቡከር ቲ. ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1881 በአላባማ ግዛት ሥራ ያስጀመሩት ከባርነት የወጣ ሕዝብ ከሁሉ አስቀድሞ የእጅ ሙያ ያስፈልገዋል በሚል እምነት ነበር። ተማሪዎቹ ጡቡን ራሳቸው ቀርጸው፣ ራሳቸው ተኩሰው፣ የሚማሩበትን ሕንጻ በገዛ እጃቸው አቁመዋል። ሮቢንሰን በዚህ ቤት የአውቶሞቢል መካኒክነት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1924 ተመረቀ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው ለዘመናት ሲሰደቡ ኖረዋል። ባለእጅ የሚለው ቃል ራሱ የስድብ ያህል ያገለግል ነበር። ማረሻውን ከቀጥቃጩ ተቀብሎ ያረሰ ገበሬ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው! ዛሬም ቢሆን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ቀርቶ ጋራዥ ሲገባ የሚያዝን ወላጅ ጥቂት አይደለም። ያ ከጋልፍፖርት የመጣ ወጣት ግን ዲፕሎማውን ይዞ፣ ቱታውን ለብሶ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ ቺካጎ ላይ መኪና እየጠገነ ኑሮውን መሠረተ።

ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል ስመ ጥር የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን ለመማር ጠየቀ፤ በቀለሙ ምክንያት ተከለከለ። እርሱ ግን ከበሩ አልራቀም፤ የጽዳት ሥራ ይዞ ገባ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የክንፍና የሞተር ሥዕል እየነደፈ ሲያስረዳ እርሱ ከኋላ መጥረጊያውን ይዞ ይሰማ ነበር። ከጓደኞቹም ጋር ተሰባስቦ የአውሮፕላን አካል በቁርጥራጭ ገዝቶ ገጣጠመ፤ የሞተር ብስክሌት ሞተር ገጠመለት። ይህን የሠራ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው ብላችሁ አስቡ። ሌላው የሙያ ጓደኛው ኮርኔሊየስ ኮፊም መኪና ጠጋኝ ነበር። ሁለቱ አብረው ለትምህርት ቤቱ አመልክተው፣ ገንዘብ ከፍለው፣ ፊታቸው ሲታይ ግን እንደገና ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የሚሠሩበት የመኪና መሸጫ ባለቤት፣ ነጭ አሜሪካዊ ነው፣ ትምህርት ቤቱን ከስሼ ፍርድ ቤት አቆማለሁ ብሎ ስለ ቆመላቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1931 ተመረቁ። ቆየት ብሎ ያው በሩን የዘጋባቸው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን እንዲያስተምሩለት ቀጠራቸው።

ሁለቱ መካኒኮች በዚህ አላበቁም። ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኝ፣ በጥቁሮች በምትተዳደር፣ ሮቢንስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወዳጆቻቸውን አስተባብረው፣ ዛፍ መንጥረው፣ ድንጋይ ለቅመው፣ የአውሮፕላን ማረፊያና መጠለያ ሠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዐውሎ ነፋስ መጠለያውን አፈረሰው። ሌላ ሜዳ ፈልገው ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ሮቢንሰን ለተመረቀበት አሥረኛ ዓመት ከጓደኞቹ ጋር በአውሮፕላን ወደ ተስኪጊ ተነሣ፤ ዓላማው ትምህርት ቤቱ የበረራ ክፍል እንዲከፍት ማግባባት ነበር። መንገድ ላይ፣ ዲኬተር በምትባል የአላባማ ከተማ፣ አውሮፕላናቸው ተሰበረ። እርሱ በሌላው ጓደኛው አውሮፕላን ጉዞውን ቀጠለ። ወቅቱ የኢኮኖሚ ድቀቱ የከበደበት ስለ ነበር ትምህርት ቤቱ ወዲያው እሺ አላለውም። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተስኪጊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉትን ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎች ያፈራ ስፍራ ሆነ።

ወደ እኛ አገር የመጣው እንዴት ነው? ዶክተር መላኩ በያን በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ ናቸው፤ ያገቡትም ጥቁር አሜሪካዊት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ የሚፈልጉ ሰው ነበሩና የሮቢንሰንን ሥራ ሲሰሙ አነጋገሩት። በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹ ወደዚያ ጦርነት እንዳይዘምቱ ከለከለ፤ ለመዝመት የተመዘገቡ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ምክንያት ቀሩ። እርሱ አስቀድሞ ስለ መጣ ክልከላው አላገኘውም።

አቀባበሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከእርሱ በፊት የመጣው ሁበርት ጁሊያን፣ ሰዎች የሃርለም ጥቁር ንስር የሚሉት፣ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ በሚደረገው ዝግጅት ላይ ንጉሡ የሚሳሱለትን አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ሰብሮት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው በጥርጣሬ ቢታይ አይፈረድም። ሮቢንሰን ጥርጣሬውን ያሸነፈው በንግግር አይደለም። ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው ሥራውን ሠርቶ አሳየ። ከሦስት ወር በኋላ አየር ኃይሉን እንዲመራ ተሾመ።

አየር ኃይል ስንል ምን ነበር? የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ሮቢንሰን ሲመጣ እንግዲህ የአገሪቱ አቪዬሽን ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር በጣት የሚቆጠሩ ሌሎች ነበሩ። አውሮፕላኖቹ ከሃያ አይበልጡም፤ ለጦርነት የሚሆን መሣሪያ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱም መነሣት የሚችሉት ጥቂቶቹ ናቸው። ጣሊያን በአንጻሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አሰልፋ ነበር።

አሁን የወርክሾፑን ሥራ ቀረብ ብለን እንየው፤ የዚህ ሰው ዋጋ የሚታየው እዚህ ነውና። አውሮፕላኖቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ፖቴዙ የፈረንሳይ ነው። ዩንከርሱ የጀርመን፣ ፎከሩ የሆላንድ፣ ደ ሃቪላንዱ የእንግሊዝ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። የፈረንሳዩና የጀርመኑ ብሎን በሚሊ ሜትር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ የእንግሊዙ በኢንች ነው፤ ሁለት ዓይነት መፍቻ ያስፈልጋል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ወደ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ስለ ከለከሉ መለዋወጫ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ መካኒኩ አንዱን አውሮፕላን ፈትቶ ሌላውን ያስነሣል፤ ከሁለት የታመሙ አንድ ጤነኛ ያወጣል።

ከፍታውም አለ። ቺካጎ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጋልፍፖርትማ ባሕሩ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የፒስቶን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡራተሩ ቆላ እንደለመደው ቤንዚን ከለቀቀ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ አንዳንዴም አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲያኮበኩብ ይጠፋል። ክንፉም ቢሆን በሳሳ አየር ላይ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ረጅም ሜዳ ያሻል፤ ሜዳውም ሣርና ድንጋይ ነው። ይህን የማያውቅ አብራሪ ምንም ጀግና ቢሆን ከአገራችን ተራራ ጋር ይላተማል። የሞተርን ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚለይ ሰው ግን ከመነሣቱ በፊት ነዳጁን ይመጥናል፣ ጭነቱን ይቀንሳል፣ ጠዋት አየሩ ሳይሞቅ ይነሣል። ሮቢንሰን የዚያን ጦርነት ወራት በሕይወት ያለፈው በዚህ ዕውቀት ጭምር እንደሆነ አልጠራጠርም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን በመልእክት ተልኮ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበር። አባቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ጣሊያንን ድል ያደረጉባት ከተማ በቦምብ ስትነድ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሥራው መመላለስ ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ግንባር መልእክት፣ መድኃኒት፣ ሹም ያደርሳል፤ ይመለሳል፤ ሞተሩን ከፍቶ ያያል፤ ደግሞ ይነሣል። የሚያበረው አውሮፕላን የሚተኮስ ነገር ስለሌለው ከጠላት ማምለጫው ደመናና ሸለቆ ብቻ ነበር። ቆሰለ። ጣሊያን ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ከሰማይ ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ እርሱንም አገኘው። ጋዙ ምን እንደሚያደርግ ከአያቶቻችን የሰማን እናውቃለን፤ ቆዳ ያነድዳል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይበላል። እርሱን ዘማች ብዬ ስጠራው ከእነዚያ የቆሰሉ አያቶቻችን ጎን አስቀምጬው ነው።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ የእጅ ሥራ ተሠርቷል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ ገጣጠመ፤ ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለ። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ዘርፎ ወሰዳት፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። የተመለሰችበት ቀን ደስታው ትልቅ ነበር። እኔን የቆጨኝ ግን ብረቷን የቀጠቀጡት፣ ክንፏን የወጠሩት ኢትዮጵያውያን እጆች ስም ከቬበር ስም ጎን ሲጠራ አለመስማቴ ነው።

ሮቢንሰን ጦርነቱ በሽንፈት ሲያልቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ ከዚያም ቺካጎ ሲገባ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ስም ዕድሜ ልኩን ንግግር እያደረገ ይኖር ነበር። እርሱ ተመልሶ ትምህርት ቤት ከፈተና በረራና ጥገና ማስተማር ጀመረ። ዶክተር መላኩ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ አቋቋሙ፤ የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1940 አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1944 ሮቢንሰን ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ዳግመኛ ኢትዮጵያ ገባ። አሁን ጦርነት የለም፤ ዝናውም የለም። ከወረራ የወጣች፣ የተማረ ሰው ያለቀባት አገር ናት። ጣሊያን በተለይ የተማሩ ወጣቶችን እየለየ እንደፈጀ ታውቃላችሁ። በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ወጣቶችን ሰብስቦ ከሀ ጀመረ፤ ይህ ብሎን ነው፣ ይህ ማግኔቶ ነው፣ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ይህን ይህን ታያላችሁ። ከጦርነቱ ጀብዱ ይልቅ ይህኛው ሥራው ለእኔ ይበልጥብኛል። ለጦርነቱ ሲመጣ ዓለም ሁሉ ያየው ነበር፤ ለዚህኛው ሲመጣ ማንም አላየውም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ቀላል አልነበሩም። ኢትዮጵያ አየር ኃይሏን እንዲያደራጁላት ስዊድናውያንን ጠራች፤ መሪያቸው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። ፎን ሮዘንም የኢትዮጵያ ባለውለታ ነው፤ በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ አመላልሷል፤ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ጎዴ ላይ በጦርነት ሞቷል። ሁለቱ ግን አልተስማሙም፤ ጠቡ እስከ ድብድብ ደረሰ፤ ሮቢንሰን ተከሰሰ፣ ሥልጣኑንም አጣ። ማን ጥፋተኛ እንደ ነበር ለመፍረድ አልተነሣሁም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ሹመቱ ሲወሰድበት አገሩ አልተመለሰም። በግሉ እየሠራ፣ እያበረረ፣ እያስተማረ እዚሁ ቆየ።

አንዳንድ ሰዎች ከፍቅር ብዛት የኢትዮጵያን አየር መንገድ የመሠረተው ሮቢንሰን ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ለሮቢንሰን ያልሠራውን መስጠት የሠራውን ይሸፍንበታል። የሠራው ኢትዮጵያዊ ወጣት የአውሮፕላን ሞተር ፈትቶ መግጠም እንደሚችል ማሳየት ነው። የዛሬው አየር መንገድ የሚኮራበትን የጥገና ማዕከል ያዩ ሰዎች ነገሩ ከየት እንደተነሣ ይገባቸዋል። አብራሪ ከውጭ አገር ተቀጥሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሥር ተኝቶ የሚያድረው መካኒክ ግን የአገር ልጅ ካልሆነ ሥራው አይዘልቅም።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሮቢንሰን የሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ። ጣሊያናዊ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ቂም ለሮቢንሰን ሥራ አልጠቀመውም፣ አላስፈለገውምም። እርሱ በቃጠሎ ቁስል ሁለት ሳምንት ያህል ታሞ አረፈ። ቀብሩ ጉለሌ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው የአሜሪካ ማዕከልም በስሙ ተሰይሞለታል፤ ከእናንተ መካከል እዚያ ገብታችሁ ያነበባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

አሁን የምጠይቃችሁ አለኝ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ወርክሾፖች የሠሩ መካኒኮች፣ ብየዳ ሠራተኞች፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን አሉ፤ ምናልባት በዚህ አዳራሽም አሉ። በየቤታችሁ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ የሞተር ማስታወሻ፣ አባታችሁ የተረኳችሁ ነገር ካለ አትጣሉት። ከፎቶግራፉ ጀርባ ማን ማን እንደሆነ፣ ዓመቱንና ቦታውን ዛሬውኑ ጻፉበት። ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውሰዱት፤ ቅጂውን ተቀብለው ዋናውን ይመልሱላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስታጡ ጄኔራሎቹን ለጊዜው ተዉአቸውና ጋራዥ ግቡ፤ አሮጌ መካኒክ ፈልጋችሁ፣ መቅረጫችሁን ከፍታችሁ፣ ማን እንዳስተማረው ጠይቁት። እኔም የሚመጣልኝን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ከዲስኩሩ በኋላ እዚሁ በር ላይ ቆሜ አገኛችኋለሁ።